የአጎቴ ስድስት በሬዎች

በየደብሩ «የለኝም» ከሚል ሞቱን የሚመርጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለጋይንቶች የደረሱን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ክቡር አጎቴ አቶ ተክለ ማርያም ነበሩ።

«በእኔ ቤት ምን ጠፍቶ!» ይላሉ። ጨው አልቆ ጎረቤት ሲልኩ እንኳ፣ «የእኛው ስልቻ አፉ ታስሮ ነው» ይላሉ። ገብሳቸውን ውርጭ የመታው ዓመት፣ «እሰይ! የት አስቀምጠዋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር» አሉ። በሬዎቻቸው ደግሞ ስድስት ናቸው። የታሉ ሲባሉ «ቆላ ወርደው» ነው መልሱ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ከቆላ አይመለሱም። ወይ የቆላ ሣር መጣፈጡ!

በጃንሆይ ዘመን፣ በሰባት ዓመቴ፣ ሳምባዬን ታመምኩ። ንፋስ መውጫ ክሊኒክ መርፌ አለ፤ ልጁን በነጻ ማሳከም የሚፈልግ ግን ድኻ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ከወረዳው ማምጣት አለበት። ባሏ የሞተባት እናቴ ይታይሽ አዝላኝ ሄደች። አጎቴም «ወንድ ያስፈልግሻል» ብለው ተከተሉን።

የገበያ ቀን ነበር፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጅ በሰው ተጨናንቋል። የበሬዎቹ ዝና ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል፤ ጸሐፊው እናቴን አየት አድርጎ፣ «ወንድምሽ ባለ ስድስት በሬ አይደሉም እንዴ? እሳቸው ያሳክሙት! ለአንቺ ወረቀት የለም» አላት።

«ኧረ በወላዲተ አምላክ!» አለች እናቴ። እኔ ጀርባዋ ላይ ሆኜ ትንፋሼ ይቆራረጣል።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ጠፍቶ» ሊሉ ነው፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ጌታዬ» አሉ፣ ያ ሁሉ ገበያተኛ እየሰማ። «ስድስት በሬ የለኝም። ያለኝ አንድ ነው፤ እሱንም ከጎረቤቴ ከባዩ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርስ። ጎተራዬም ባዶ ነው። ድኻ ነኝ። ልጁን አድኑልኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አጎቴ ዞረው አላዩትም። ወረቀቱ ተጻፈ፣ መርፌውን ተወጋሁ፣ ይኸው አለሁ።

ስንመለስ፣ ዳገቱን እንደ ጨረስን፣ «አየሽ ይታይሽ፣ ያንን ጸሐፊ እንዴት እንዳታለልኩት!» አሉ።

እናቴ እጃቸውን ስማ፣ «አዎ ወንድም ጋሼ» አለች።

ዛሬ በሕይወት የሉም። አገሬ ስገባ ግን፣ «ለመሆኑ የተክለ ማርያም ስድስት በሬ እውነት ነበር?» ብሎ የሚሳለቅ አይጠፋም። እኔ በሐሰት የምምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ነፍሴ የተረፈችው በእሳቸው ውርደት ነው፤ ሌላ በምን ልካሳቸው? ማርያም ይቅር ትበለኝ እንጂ፣ እምላለሁ።

«ስድስት ነበሩ» እላለሁ፤ «በዓይኔ አይቻለሁ። የሁለቱ ቀዮች ቀንድማ ይሄን ያህላል!»