በእሺታ የተስተካከለ ታይሚንግ

የተከፈተ የመኪና ኮፈን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መርሳ ከተማ ላይ አላጋጠመኝም። መካኒኩ ይማም የአሮጌዋን ባለ ቱርቦ መኪናዬን ታይሚንግ፣ ሻማው እሳት የሚረጭበትን ቅጽበት፣ በመብራት እያየ ምልክቱ ላይ አሳርፎ፣ ብሎኑን ሊያጠብቅ ሲል የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሰይድ ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ። መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ ጆሮ ግን አላቸው።

«ልጄ፣ ድምጿ ሰለለብኝ። እሳቱን ትንሽ አስቀድመው።»

ይማም አየኝ፤ እኔም አየሁት። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ እሳቱ ከቀደመ ፒስተን እንደሚበሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሐጂን እንቢ ብሎ መርሳ ውስጥ ማን ይኖራል?

«እሺ ሐጂ» አለና እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ገፋ አደረገው።

«አሁንም ትንሽ።»

«እሺ ሐጂ።»

ሲሄዱ እንመልሰዋለን ብለን ነበር። ሐጂ ግን ወልድያ ጉዳይ ነበራቸውና ብሎኑ እስኪጠብቅ ጠብቀው ከጎኔ ጋቢና ገቡ።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠጠር እንዳለበት ጣሳ ይንኳኳ ጀመር። ሐጂ ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰማህ? አሁን ገና ጉልበት አገኘች!»

እኔም «እውነትዎን ነው፣ ሐጂ» እያልኩ ፒስተኔን በጨዋ ደንብ ሸኘሁት።