የጠበቃውን ሩብ የተከራከሩት ወይዘሮ ሄስተር

የተነገራትን ዋጋ እንደ ስድብ የምትቆጥር አንዲት ሴት የሌለችበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ሰው ዋጋ ከሚከራከር ራቁቱን ገበያ ቢወጣ በሚመርጥበት በእንግሊዝ አገር እንኳ አትጠፋም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሄስተር ራምስደን ይባላሉ፤ የሮችዴል ገበያ መቅሠፍት፣ የመንገዳችን ጠቅላይ ገንዘብ ሚኒስትር።

እሳቸው "ስንት ነው?" ብለው ይጠይቁና ሻጩ አፉን ሳይከፍት "በዛ!" ይላሉ። ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር "ቆሜ ነው የምሄደው፣ የመቀመጫውን ቀንስልኝ" ብለው ተሟግተዋል። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ቀብር አስፈጻሚውን "ሰውየው ቀጭን ነበር፣ ይሄ ሁሉ እንጨት ምን ያደርግለታል?" ብለው የሬሳ ሣጥኑን ዋጋ አስቀንሰዋል። አንድ ቀን ዓሣና ድንች ጥብስ ለመግዛት አብሬያቸው ተሰልፌ ነበር። "ይቺ ዓሣ ከባለፈው ሳምንቷ ታንሳለች። ወይ ዋጋውን አሳንሱ፣ ወይ ዓሣዋን አሳድጉ!" ሲሉ ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሙሉ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሻጩ ግን አንድ ጭልፋ ድንች ጨመረላቸው።

ጎረቤታቸው ዊልፍ ታትሎክ የእሳቸው ተቃራኒ ነው። መስኮት በማጠብ የሚተዳደር፣ ይሉኝታ የሚገድለው ሰው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ አንድ መኪና ከኋላው መጥቶ ሲገጨው፣ ወርዶ በመጀመሪያ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነበር። ትከሻው ተጎድቶ ከዚያ ወዲህ መሰላል መውጣት አልቻለም። ደንበኞቹ እያዘኑለት ወደ ሌላ አጣቢ ሄዱ። የቀረው ተስፋ ከመሬት ሳይለቁ ፎቅ የሚያጥቡበት፣ ውሃ በውስጡ የሚያልፍ ረጅም ዘንግና ፓምፕ መግዛት ብቻ ነበር። ያን ሊገዛለት የሚችለው ደግሞ የአደጋው ካሳ ነው።

ካሳ መጠየቅ ግን ለዊልፍ ልመና መሰለው። "ሰው አላስቸግርም" እያለ ጊዜው ነጎደ። የአገሩ ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ ያልተከሰሰበትን ጉዳት በይርጋ ይዘጋዋል። ወሬው ወይዘሮ ሄስተር ጆሮ ሲገባ ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

"ሦስት ዓመት!" ብለው በአጥሩ ላይ ጮኹበት። "አንተ ደንቆሮ፣ ወተት እንኳ ቀኑ ሳያልፍ ይጠጣል!"

ሁለት ጠበቆች "ጊዜው አጥሯል" ብለው መለሱት። ሦስተኛው፣ ከዳቦ ቤት በላይ ቢሮ ያለው ፕረንቲስ የሚባል ወጣት፣ "እስቲ ይምጣ" አለ። በእኔ መኪና ሄድን። ወይዘሮ ሄስተር የቤተ ክርስቲያን ኮፍያቸውን አድርገዋል።

ግድግዳው ላይ "ካልረታን አይከፍሉም" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

"ከረታችሁስ?" አሉ ሳይቀመጡ።

"ከረታን ከካሳው ሃያ አምስት በመቶ የእኛ ይሆናል" አለ ፕረንቲስ። "ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው።"

"ጣሪያ ላይ ሰው አይኖርም፣ የኔ ልጅ። ወደ ሳሎን እንውረድ። አሥር!"

ልጁ ዓይኑን አርገበገበ። "ወይዘሮ ራምስደን፣ ብንሸነፍ የወራት ሥራዬ ከንቱ ነው የሚቀረው። ሩቡ የዚያ ስጋት ዋጋ ነው።"

"የምን ስጋት? የቆመ ሰው ከኋላው ተገጨ! ይሄንንማ እኔም እሟገተዋለሁ። አሥራ ሁለት!"

"የሚያሰጋኝ መዘግየቱ ነው። ሦስት ዓመት ዝም ያለን ሰው፣ የገጨው መኪና ኢንሹራንስ 'እውነት አሞት ነው?' ማለቱ አይቀርም።"

"ይቅርታ" አለ ዊልፍ።

"አንተ ዝም በል! አሥራ አምስት!"

"ሃያ አምስት።"

"አሥራ ስምንት!"

እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ያሳፈረኝ ነገር እዚያ ደሜን አሞቀው! በልቤ 'በሉት፣ ወይዘሮ ሄስተር!' እያልኩ ነበር።

"ሃያ፣ የመጨረሻዬ" አሉና ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። "ዊልፍ፣ ተነሥ። እንሄዳለን።"

ይህ የእሳቸው መድፍ ነው። ጀርባቸውን ሲሰጡ ያልጠራቸው የገበያ ሰው የለም። ፕረንቲስ ግን በትሕትና ተነሥቶ በሩን ከፈተልን። "ይገባኛል። መልካም ዕድል።"

ደረጃውን በዝግታ ወረድን። ማንም አልጠራንም። ታች ስንደርስ ወይዘሮ ሄስተር ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማስተካከል ጀመሩ። ጫማቸው ማሰሪያ አልነበረውም።

"ሄስተር፣ አይጠራንም" አለ ዊልፍ።

"ይጠራናል።"

"አይጠራንም። ግድ የለም፣ እኔ አልቀየምሽም።"

ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ቀና ብለው አዩት፤ ሊያነሣው የማይችለውን ትከሻውን አዩት። ከዚያ በዕድሜያቸው ሠርተውት የማያውቁትን ሠሩ። ተመለሱ። ተከትያቸው ወጣሁ።

"ሃያ አምስቱን ውሰድ" አሉት ከበሩ ላይ ሆነው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። "ግን ሠላሳ እንደሚከፈለው ሰው ተሟገትለት።"

ፕረንቲስ አልሳቀም። ውሉን ከመሳቢያ አወጣ። "ሌላ ዓይነት ሙግት አላውቅም፣ ወይዘሮ ራምስደን" አለ።

ክሱ ይርጋው ሳይዘጋው ገባ። መጠበቅ ሆነ። የሰፈራችን ጨለማ ዘመን ያኔ ጀመረ። ወይዘሮ ሄስተር የተባሉትን መክፈል ጀመሩ! አይብ ቤት ከፈሉ፣ ጫማ ሰፊው ጋ ከፈሉ። እንቁላል ሻጩ ገበያ ውስጥ ክንዴን ያዘኝ። "ሴትየዋን ምን አደረጋችኋት? ትናንት የነገርኳትን ዋጋ ዝም ብላ ከፈለች። ሐኪም አይቷታል?"

አንድ ቀን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። "በእኔ ምላስ የዚያ ልጅ ልብ ቀዝቅዞ ቢሆንስ?" አሉኝ። "ዊልፍ ሥራውን ቢያጣ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።" ያ ምላስ ዝም እንዲል ስንት ዓመት ተመኝቼ፣ ዝም ሲል ቤቴ ውስጥ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዊልፍ በነጠላ ጫማ መንገድ መሐል ወጣ። "ኢንሹራንሱ ተስማማ!" ብሎ ጮኸ። ዊልፍ ሲጮህ ሰምተን አናውቅምና ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ። ፕረንቲስ ካሰበው በላይ አስከፍሎ ሩቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ወሰደ። ሐቁ ነው። የተረፈው የዊልፍን ዕዳ ከፍሎ ዘንጉንና ፓምፑን ለመግዛት ግን ትንሽ ጎደለ።

"ግድ የለም፣ አሮጌ ፈልጌ እገዛለሁ" አለ ዊልፍ።

ወይዘሮ ሄስተር ወደ እኔ ዞሩ። "መኪናህን አስነሣ።"

ዊልፍን ይዘን ወደ ቦልተን ከተማ ነዳን። የዕቃው ሻጭ ግዙፍ ባለ ሪዝ ሰው ነው። ዋጋውን ነገራቸው። ወይዘሮ ሄስተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይከፍላሉ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

"ወንበር አምጣልኝ" አሉ። "ይሄንን ዋጋ ቁጭ ብዬ ልስማው።"

ልቤ ዘለለች! መጡ! ተመለሱ!

"ዘንጉ ምን ይሄን ያህል አስረዘመው? እኛ ሰፈር የሚታጠብ ካቴድራል የለም። ያስወደደው ርዝመቱ ከሆነ ሁለት ሜትር ቁረጥለት!"

"እመቤቴ፣ አይቆረጥም።"

"እንግዲያው ዋጋውን ቁረጥ! ፓምፑስ ለምን ይጮኻል? አዲስ ዕቃ ነው ወይስ የታመመ ውሻ?"

ሰውየው ቀነሰ። እንደገና ቀነሰ። ግንባሩን ጠረገ። ወይዘሮ ሄስተር ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። በመጨረሻ ሰውየው ጭንቅ ብሎት ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድሜ፣ እባክህ እናትህን አስረዳልኝ። ከዚህ በታች ከወረድኩ ልጆቼን መሸጤ ነው።"

'እናቴ አይደሉም፣ ጎረቤቴ ናቸው' ልለው አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

"ቱቦው ግን ከዘንጉ ጋር ነው፣ አይደል?"

ወይዘሮ ሄስተር ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ሻጩ የተከዳ ሰው መሰለ። ከዚያ ከኋላችን ዊልፍ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።

"ይቅርታ" አለ። "ባልዲውስ?"