ወንዶች የሚያጫውቱበት ቤት

ትናንት ሌሊት ቶኪዮን በሕልሜ ተገልብጣ አየኋት። ሴቶቹ ከሥራ ወጥተው፣ ከረባታቸውን አላልተው ወደ መሸታ ቤት ይጎርፋሉ፤ እኛ ወንዶቹ ደግሞ ተኩለን፣ ሽቶ ተቀብተን እንጠብቃቸዋለን። ሥራችን ማጫወት ነው። መጠጥ እንቀዳለን፣ ሲጋራ እንለኩሳለን፣ ከቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ የሚወርደውን ጠብታ በመሐረብ እንጠርጋለን፤ ከሁሉም በላይ ግን እንስቃለን። በሦስት ቀን ውስጥ አንዲት ደንበኛ እንኳ በስሙ ያላስጠራችው ወንድ ይባረራል። ለእኔ ሦስተኛው ቀን ነበር።

አጠገቤ አለቃዬ ቶዳ ተቀምጧል። በእውኑ ዓለም የአሮጌ መኪና ነጋዴ ነው፤ እኔ መኪኖቹን እመረምርለታለሁ። በሕልሜ ግን ቅንድቡን ተስተካክሎ ቁጭ ብሏል።

«ስምህ ይከብዳቸዋል» አለኝ በጠራ አማርኛ። «ናሁሠናይ ብሎ የሚጠራ ምላስ እዚህ አገር የለም። አሳጥረው።»

«አላሳጥርም!» አልኩት። እኔ ድሮም በስሜ ቀልድ አላውቅም።

በሩ ተከፈተና አያካ ገባች። በእውኑ እሷ፣ ቶዳ በየዓርቡ ይዞኝ በሚሄድበት የሌሊት ክበብ እየተከፈላት የምታጫውተን ልጅ ናት። አሁን ግን ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ደክሟት የመጣች ደንበኛ ሆናለች። ቶዳ ዘሎ ካፖርቷን ተቀበላት።

«ድካሙ እንዴት ያምርብዎታል፣ እመቤቴ!»

«እግሬን አመመኝ» አለች።

አሥራ ሁለት ወንዶች አጨበጨብን። ስለ ጫማዋ አወራች፣ ሳቅን። ስለ እናቷ ሕመም አወራች፣ በለመደ አፋችን ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

አላስችል አለኝ። «እናትዎን ምን አመማቸው?» ብዬ ጠየቅኋት።

 ቶዳ በክርኑ ጎሰመኝ፤ በዚህ ሥራ የምር መጠየቅ ነውር ነው። አያካ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ይህን ሰው እፈልገዋለሁ» አለች። «በስሙ ልጥራው።»

እንባዬ መጣ። እዚህ አገር ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ስሜን እስከ መጨረሻው የጠራኝ ሰው የለም።

«ና…» አለች አያካ። «ናሁ…»

ስልኬ ጮኸና ነቃሁ። ነግቷል። መልእክቱ ከአያካ ነው፤ ዓርብ ሲደርስ ለደንበኞቿ ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት ስሙን ብቻ እየለወጠች ትልካለች።

«ውድ አቶ ቶዳ፣ በጣም ናፍቀውኛል። ዛሬ ማታ እጠብቅዎታለሁ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ «እኔም ናፍቀሽኛል፣ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ «ቶዳ» ብዬ ላክሁላት።