ለጋሽ ተስፋይ ድምፅ የተያዘ ቀጠሮ

ግቡ፣ ግቡ! በሩን ገፋ አድርጋችሁ ዝጉት፤ የስኪዳም ንፋስ ማንኳኳት አያውቅም። ሶፋው ላይ የተጋደመውን ኮት ወዲያ በሉትና ተቀመጡ። ከረባቴን ግን እንዳትነኩብኝ። አንገቴ ላይ እንዳለ ይቆይ፤ ማን እንዳሰረልኝ ስትሰሙ እናንተም ልትፈቱት አይሆንላችሁም። አዎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭ ጓንትም የኔ ነው። አይ፣ ሠርግ አይደለም። አሁን የመጣሁት ከዴን ሀግ ነው፤ ከፍሪሜሰኖቹ ዘንድ።

አየኋችሁ፤ አንዳችሁ በሩን ቃኘት አደረጋችሁ። አልፈርድም። እኔም ሰፈር ውስጥ የሚወራውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፦ አንተ ነፍስህን ትሰጣለህ፣ እነሱ መርሴዲስ ይሰጡሃል። ገብቼ አየሁት። ነፍሴን የጠየቀኝ የለም። መርሴዲሱም የለም። መጀመሪያ የተሰጠኝ ነገር የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ነው፤ በሕጋቸው ለማጅ ብርጭቆ ያደርቃል። ዓለምን በስውር ይገዛሉ የተባሉት ሰዎች፣ እመኑኝ፣ አንዲት አዳራሽ ለአንዲት ቅዳሜ ለመያዝ ወራት ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ።

ቀጠሮ የሚሉት ነገር መቼም ሰውን ይፈትናል። እኛ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን በራሳችን እንስቃለን፤ አርፍዶ የመጣው ሰው «የት ጠፋችሁ?» ብሎ ቀድሞ የሚቆጣን ሕዝቦች ነን። እዚህ ሆላንድ አገር ደግሞ ቀጠሮ፣ በነሱ አፍ አፍስፕራክ፣ እንደ ክርስትና ነው፤ ያልተነከረበት ሰው ሰው አይባልም። እናት የገዛ ልጇን ለመጠየቅ አጀንዳ ትገልጣለች፣ ልጅም የራሱን ገልጦ «ማክሰኞ አይመቸኝም» ይላል። እኔ በበኩሌ አንዱ ጋ ሳረፍድ፣ ሌላው ጋ ሳልጋበዝ ብቅ ስል ሁለቱንም ጎራ አስቀይሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብቻ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። የኛም ቀጠሮ የነሱም ቀጠሮ አንድ ሞኝ እምነት አላቸው፤ ሁለቱም ሰውየው ቀኑ እስኪደርስ እንዳለ ይቆያል ብለው ያምናሉ።

ጋሽ ተስፋይን የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ላላወቃችሁ፣ ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ ልጅነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛን ከኔ አሳምረው የሚናገሩ። ፐርኒስ ካሉት የነዳጅ ማጣሪያዎች ውስጥ ቧንቧ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ድምፃቸው ነው ድምፅ! ከሆድ የሚነሳ፣ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ። ለሠርግም ለለቅሶም ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ተስፋይ ካሉ ማይክ መከራየት አያስፈልግም ይባል ነበር።

በብስክሌት ምግብ ሳደርስ ነው ሎጁን፣ የፍሪሜሰኖቹን የማኅበር ቤት፣ ያገኘሁት። ደወልኩ፤ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ሆነው ቁጭ። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሽርጥ።

«ጋሽ፣ ወጥ ቤት ገቡ እንዴ?»

«ግንበኛ ነኝ።»

«ምን ይገነባሉ?»

«እስካሁን?» አሉና ምግቡን ተቀበሉኝ። «እስካሁን አንድ ግድግዳ አልጨረስኩም። ይልቅ የራስ ቁርህን አውልቅና ግባ፣ ዝናብ ነው።»

ገባሁ። ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው መርምረውኝ፣ ድምፅ ተሰጥቶብኝ፣ ለማጅ ሆንኩ። ሜሰን ማለት ግንበኛ ነው፤ ደረጃውም ሦስት ነው፤ ለማጅ፣ ቀጥሎ ባለሙያ፣ ከዚያ ዋና ግንበኛ። ለያንዳንዱ ለማጅ ደግሞ አንድ አስጠኚ ይመደብለታል። የኔ አስጠኚ ጋሽ ተስፋይ ሆኑ።

እኛ ሎጅ ውስጥ ትምህርቱ አይጻፍም። ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው። ጥያቄና መልሱን፣ አረማመዱን፣ ሁሉንም በቃል ትይዛለህ። እኔን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ከትምህርት ቤት ያጣላኝ ወረቀት ነዋ! ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ወረቀት የተከለከለበት ትምህርት ቤት ለካ ዴን ሀግ ውስጥ ነበረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበዝ ተማሪ ተባልኩ።

ልምምዳችን ትራም ላይ ነበር፤ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ስኬቨኒንገን በሚሄደው። እሳቸው ጥያቄውን በጆሮዬ፣ እኔ መልሱን በጆሯቸው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ አንድ ቀን ዝም ብላ ተነስታ ቦታ ቀየረች። ባሕሩ ዳር ስንደርስ አሸዋው ላይ አረማመድ እንለማመዳለን፤ እሳቸው ቆመው እኔ እየተራመድኩ።

«ቀስ በል ወደይ! ፖሊስ ያየህ ይመስል ምን ያሯሩጥሃል?» ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። በዚያ ድምፅ ሲጠሩኝ ውሾች ሳይቀሩ ዞረው ያዩኛል።

ከለማጅነት ወደ ባለሙያነት በሚታለፍበት ቀን አንድ ልማድ አለ። ሊቀመንበሩ «ስለዚህ ሰው የሚናገር ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጠው አስጠኚው ነው፤ ቆሞ፣ በገዛ አንደበቱ፣ በቃሉ። ለማጁ ቢሳሳት አስጠኚው ሹክ ይለዋል። አስጠኚው ቃሉ ቢጠፋበት ግን ማንም አያግዘውም። ለሌላው ሰው ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ለኔ ሌላ ነበር። ትምህርት ቤት «ወላጅ ይዘህ ና» ሲሉኝ ይዤ የምሄደው ሰው ስላልነበረኝ በዚያው የቀረሁ ልጅ ነኝ። እንግዲህ ለዚች ደቂቃ ስል ነበር ያን ሁሉ ብርጭቆ ያደረቅሁት።

አሁን ወደ አጀንዳው። የሎጁ ጸሐፊ ያን የሚባል ረዥም ሆላንዳዊ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ከአጀንዳው ውጭ አይተነፍስም። ሥርዓቱ በግንቦት ነው ተባለ። ከኔ ጋር የሚያልፍ ሌላ ለማጅ ነበር፣ የመርከብ መካኒክ፤ ሁለት ለማጅ ካለ አብረው ነው የሚያልፉት፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሁሉ ባለሥልጣን አይሰበሰብም። መርከቡ ዘገየ። ወደ ሰኔ ተዛወረ። በሰኔ አዳራሹን የሚጋሩት ሌሎች ሎጆች ቀድመው ይዘውታል። ከዚያ በኋላ በጋው ነው፣ የኛ ክረምት ለነሱ በጋ ነው፤ በበጋ ሎጁ ይዘጋል። «መስከረም!» አለ ያን፣ እስክሪብቶውን እየከደነ። መስከረም ምን አላት፣ አልን። ተማሪና አስጠኚ ባሕሩ ዳር እየተመላለሱ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ምን ሥራ አላቸው?

የጋሽ ተስፋይ ድምፅ በዚያው ሰሞን ይሻክር ጀመር። የቤተሰብ ሐኪማቸው ጋ ሄዱ። ምን እንደተሰጣቸው ልንገራችሁ ወይስ ገምታችኋል? ፓራሲታሞል። ደግመው ሄዱ። ደግመው ፓራሲታሞል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲታዩ ነገሩ ጉሮሮ ውስጥ ነበር፤ የድምፅ ሳጥኑ መውጣት አለበት ተባለ። እሳቸው የነገሩኝ ትራም ላይ ነው፤ በጆሮዬ፣ ጥያቄውን በሚጠይቁኝ ዓይነት።

«ከዚያ በኋላስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ በኋላማ እኔ አድማጭ እሆናለሁ። አንተ ደግሞ ብዙ ትለፈልፋለህ፣ አንጣላም።»

ጸሐፊው ያን ዘንድ ሮጥኩ። ሳልቀጠር ቤቱ በር ላይ ቆምኩ፤ እዚህ አገር ይህ ከስርቆት አይተናነስም። ነገሩን ስነግረው አጀንዳውን አወጣ፣ ገለጠው፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ስልኩን አንስቶ አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። የሌላውን ሎጅ ጸሐፊ ለመነ። ዕረፍት ሊወጣ የነበረውን ሊቀመንበር አስቀረ። ልክ ቀዶ ጥገናው ሊደረግ በታቀደበት ሳምንት ዋዜማ አንዲት ቅዳሜ ከድንጋይ ውስጥ ፈልቅቆ አወጣልኝ። ሆላንዳዊ አጀንዳውን ሲያፈርስልህ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ጋሽ ተስፋይ ሱፋቸውን ላውንደሪ አስገቡ።

ሆስፒታሉ ደወለ። «ደስ የሚል ዜና አለን» አሉ፤ አንድ በሽተኛ ቀርቷል፣ ቦታ ተከፍቷል፣ ከቅዳሜው በፊት ይግቡ፣ ሐኪሙ ባይዘገይ ይሻላል ብሏል። ለወራት ወረፋ የማያንቀሳቅስ ሆስፒታል በዚያች ሳምንት ፈጠነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን የፈሰሰብን በችኮላ ሳይሆን በቸርነት ነው፤ ማንን ትሰድባለህ?

«ልተወው?» አሉኝ ጋሽ። «ለነሱ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ ልበላቸው? እውነቴን እኮ ነው።»

ቀልድ አልነበረም። ዓይናቸው መልሱን ከኔ ይጠብቃል። አዎ ብላቸው ይቆዩልኝ ነበር። ቅዳሜ ቆመው ይናገሩልኝ ነበር፤ በዚያ ድምፅ፣ አዳራሹ እየተንቀጠቀጠ።

«ይሂዱ፣ ጋሽ» አልኳቸው።

«አንተስ?»

«እኔ መስከረም አለኝ።»

ከመግባታቸው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ስኬቨኒንገን ሄድን። ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምነው። ድምፃቸው እንደ አሮጌ በር ነበር፣ ግን አንድ ቃል አልዘለሉም። ከዚያ የኔ ትራም መጣ። ስንለያይ የተናገሩትን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከነገርኳችሁ ሌላውን መጨረስ ያቅተኛል።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ፣ ማንም ይሁን፣ ድምፁን ያልተነጠቀ መሆን አለበት። በጋውን ሙሉ ጋሽ ተስፋይ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመው መስኮታቸው ሥር ተቀመጡ። በሌላ መንገድ መናገር የሚያስተምር ባለሙያ ተመድቦላቸው ነበር፤ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ለመጠየቅ ይመጣል፣ ምን እንደሚል ይጨንቀዋል፣ እሳቸው መስማት የተሳናቸው ይመስል እየጮኸ ያወራል። እሳቸው በእጃቸው «ቀስ» ይላሉ። ጸሐፊው ያንም መጣ፣ ቀጠሮ ይዞ። መስከረም ላይ ሌላ ወንድም እሳቸውን ተክቶ ይናገር፣ እሳቸው በክብር ወንበር ይቀመጡ አለ። ጋሽ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው ደገመው። እሳቸውም ደገሙት።

እንግዲህ ዛሬ ያ መስከረም ነው። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጋሽ ከረባቴን አይተው ፈገግ አሉ፤ ፈትተው እንደገና አሰሩልኝ። ገባን። መካኒኩም መጥቷል፤ የሱ አስጠኚ ስለሱ ተናገረ፣ አማረለት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ።

«ስለዚህ ሰው የሚናገር ማን ነው?»

ጋሽ ተስፋይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። አፋቸውን ከፈቱ። ከነጩ ሻሽ ሥር ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ፊሽ የሚል ነገር ወጣ፤ ሌላ ምንም። ግን አላቆሙም። ከንፈራቸው ቃል በቃል ይሄዳል፣ ሳይቸኩል፣ የሚቆመው ጋ እየቆመ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ትራም ላይ በጆሮዬ የፈሰሰ ነው፤ አንድም አልዘለሉም። በዓይኔ ጠርዝ ጸሐፊውን አየሁት፤ የእጅ ሰዓቱን ቀስ ብሎ ፈታና ኪሱ ከተተው።

ከንፈራቸው ሲገጠም ሊቀመንበሩ ወደሳቸው ዞረ።

«ሰምተናል» አለ።

ይኸው ባለሙያ ሆንኩ። እዚህ ላይ «ድምፅ ባይኖርም ያው ነው» ብዬ ባሳርፋችሁ ደስ ባለኝ፤ ወግ አዋቂ እንዲያ ነው የሚዘጋው። ያው አይደለም። የፈለግሁት ያንን ድምፅ ነበር። ጸሐፊው የፈለቀቀልኝ ቅዳሜም ሆነ ሆስፒታሉ የከፈተው ቦታ በየራሳቸው ደጎች ነበሩ፤ የተላለፉት እርስ በርሳቸው ነው። ሲመለሱ እጄን ጨብጠው ወደ ሆግቭሊት ሄዱ፣ እኔም ወደዚህ መጣሁ፣ እናንተም መጣችሁ።

ያ የትራም ፌርማታ ቀረ፣ አይደል? ባሕሩ ዳር ነን፣ ትራሙ በሩን ከፍቷል። በድምፃቸው የሚሉኝ የመጨረሻ ነገር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ምርቃት ጠበቅሁ፤ ሰው የዕድሜውን ድምፅ ሊዘጋ ሲል የሚለው አንድ ትልቅ ነገር አይጠፋም ብዬ። ጆሮዬን አቀረብኩ። እሳቸው አንገቴን አዩና ተቆጡ።

«ጃኬትህን ቆልፍ እንጂ፤ ይሄ ንፋስ ለጉሮሮ ጥሩ አይደለም።»