የአለመንካት ኮሚቴ ሊቀመንበር

እሰይ! እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንኳን ደስ አለኝ! ተርፋለች። መትረፍስ ይቅር፣ ጨምራለች! ጭማሪዋ የክር ውፍረት ቢያህል ነው፤ ቢሆንም ጭማሪ ጭማሪ ነው። ማን እንደሆነች እነግራችኋለሁ፤ ግን አዳኟን ሳላስቀድም ብቀር ነውር ነው።

ስብሰባ የሌለው ቀበሌ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ስብሰባ ሊበተን ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው የሌለው ቀበሌም አይገኝም። ሕዝቡ ከአግዳሚው ላይ ግማሽ መቀመጫውን አንሥቷል፤ ሊቀመንበሩ «እንግዲህ...» ብለዋል፤ ያኔ ከወደ ኋላ አንዲት እጅ እንደ ሰንደቅ ትሰቀላለች። የእኛ የመካኒሳዋ እጅ የክቡር ጓድ አምሐ ናት። «አንዲት አጭር ነጥብ ብቻ!» ይላሉ። ያቺን አጭር ነጥብ ሰምቶ ቤቱ የገባ ሰው ምሳውን ከራቱ ጋር ይበላል።

ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጦ የሚያስቀምጠውን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» ያለው ለቀልድ ነበር። ጋሽ አምሐ ግን ስሙን ከልባቸው ተቀበሉት። ከመካኒሳ ሜክሲኮ እስኪደርስ አጀንዳ ያስይዛሉ። አንድ ቀን «ወራጅ አለ!» ያለችን ሴት፣ «እኅቴ፣ ተራ ጠብቂ፤ ካንቺ በፊት እጅ ያወጡ አሉ» ብለው ሳር ቤት መውረድ የነበረባትን ሜክሲኮ አድርሰዋታል።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። ሽማግሌው «ነፍስ ይማር» ብለው ሕዝቡ ብድግ ሲል፣ «ስለ ሟቹ አንድ ያልተነሣ ነጥብ አለ» ብለው መልሰው ያስቀምጡናል። ሟቹ ራሱ ቶሎ የሄደው ከእሳቸው ስብሰባ ለማምለጥ ነው የሚሉ ክፉ አፎች አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ተናኘወርቅማ፣ «ሊያገባኝ ሲመጣ አባቴ ‹ልጄን ታከብርልኛለህ ወይ?› ቢለው፣ ‹በመርህ ደረጃ አዎ!› አለ» እያለች ሳቅ በሳቅ ታደርገናለች።

እንግዲህ ወደ ምሥራቹ ባለቤት። ፉሪ ተራራ ላይ፣ ከኦቦ ሮበሌ ማሳ በላይ፣ ቤት የሚያህል ጥቁር አለት አለ። በአለቱ ላይ ግራጫም አረንጓዴም የማይባል ነገር ተለጥፏል፤ የድንጋይ ሽበት። እኛ አይተን የማናየው ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የሰፈራችን ልጅ ኤሌኒ ግን አንድ እሑድ ቀበሌ መጥታ፣ ይህች ነገር ሕያው እንደሆነች፣ ዓይነቷ ድሮ ተራራውን ሙሉ ትለብሰው እንደነበር፣ ድንጋዩ ለግንባታ እየተፈለጠ ሲያልቅ አብራ እንዳለቀች፣ አሁን የቀረችው እዚያ አለት ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረችን። አዳራሹ አዛጋ። ጋሽ አምሐ እጃቸውን አወጡ።

በሳምንቱ የማገገሚያ ዕቅድ ይዘው ቀረቡ። ጠዋትና ማታ ውኃ፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ባልዲ። ማዳበሪያ። በዓመት መቶ በመቶ ዕድገት። መዝሙርም ነበረው።

«ጋሼ፣» አለች ኤሌኒ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሷ ውኃም ማዳበሪያም አትፈልግም። በዓመት የጥፍር ውፍረት ካደገች ትልቅ ነገር ነው። የምትፈልገው አለመነካት ብቻ ነው።»

ጋሽ አምሐ የዕቅዱን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «አለመንካትስ ቢሆን በኮሚቴ ካልተመራ እንዴት ይሆናል?»

በዚህ ሁኔታ የአለመንካት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ እሳቸው። የማይነካ ንዑስ ኮሚቴ፣ አለመነካቱን የሚከታተል ሌላ ንዑስ ኮሚቴ። ኦቦ ሮበሌ በሌሉበት ተመርጠው ሲነገራቸው፣ «ምን ልሥራ ታዲያ?» አሉ።

«ምንም!»

«እሱንማ ከአባቴ ጀምሮ ስንሠራው ኖርን» ብለው ወደ በሬያቸው ተመለሱ።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነጋ በበርሜል ኖራ አስመጡ። እንደምታውቁት በዓል ሲመጣ ባለበት የቆመ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ የመንገድ ዳር ድንጋይ፣ የዛፍ ግንድ፣ ከመንገድ የዘገየ አህያ። አሁን ደግሞ የፉሪ አለት ነጭ ተቀብቶ መፈክር ይጻፍበት ተባለ፤ ከሩቅ ይታያላ! የኤሌኒ ፊት አመድ መሰለ። «ኖራ ከነካት አለቀች፤ ሌላ ቦታ የለችም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ታዲያ ማን ይቃወም? ባለፈው ዓመት በመፈክር የቀለደ አንድ ጎረቤታችን ተወስዶ ሲመለስ፣ ቀልድ የሚባል ነገር ረስቶ ነው የመጣው።

«የሚቃወም አለ?» አሉ ጓድ ነጋ። «እንግዲህ በሙሉ ድምፅ...»

እጅ ተሰቀለች።

«አልቃወምም፣ ጓድ ሊቀመንበር! እደግፋለሁ። አንዲት አጭር ነጥብ ብቻ።»

አዳራሹ አቃሰተ። እኔም ከጎናቸው ስለነበርኩ እንደ ልማዴ የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረግኩ። «ጋሼ፣ ስለ ፈጣሪ ይቀመጡ፣ ርቦናል!»

«መፈክሩ ‹ወደፊት!› ይላል። መልካም። ግን ከተማ ቆሞ ተራራውን አሻቅቦ ለሚያነብ ወደፊት የትኛው ነው? ሠርቶ አደሩን ከተማውን ትተህ ዱር ግባ ማለታችን እንዳይሆን!»

ጓድ ነጋ ነጥቡን በቃለ ጉባኤ አስያዙ። ለአብዮቱ የተጨነቀን ሰው ዝም በል ማለት ራሱ ያስጠይቃላ። ነጥቡ ለሳምንት አደረ። በሳምንቱ፣ «አለቱን ነጭ ስንቀባው ከሩቅ ነጭ ባንዲራ መስሎ እጅ ሰጡ ቢሉንስ?» አሉ። ኮሚቴ ተዋቀረ። በሌላው ሳምንት የቃለ አጋኖው ቁመት ተነሣ።

«ጓድ አምሐ፣» አሉ ጓድ ነጋ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «እርስዎ በእርግጥ ይደግፋሉ?»

«ከማንም በላይ! ስለዚህ ነው ቁመቱ የሚያሳስበኝ።»

ያኔ ኮታቸውን ደግሜ ብስበው ጨርቁ ርሷል። ላብ ነው። ለካ ዕድሜ ልካቸውን ለደስታ ሲናገሩ የኖሩት ሰውዬ፣ እነዚያን እሑዶች ሲናገሩ ከራሳቸው ፍርሃት ጋር እየተናነቁ ኖሯል። ኮቱን ለቀቅኩ። «ይቀጥሉ ጋሼ» አልኩ። ቀጠሉ፤ አቤት አቀጣጠል!

ቃለ አጋኖው ሳይወሰን በዓሉ ደረሰ። ኖራው የቀበሌው አጥርና ሽንት ቤት ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የፉሪን አለት ያነሣ የለም፤ በዓሉ ካለፈ ድንጋይን ማን ያስታውሳል?

ይኸው ዛሬ፣ ዓመት ሞልቶ፣ ኤሌኒ ጫማዋ የፉሪን ጭቃ እንደለበሰ እየሮጠች መጣች። የድንጋዩ ሽበት በአንድ ጠርዟ አዲስ አውጥታለች! «ለጋሼ ቶሎ ንገርልኝ» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ጋሽ አምሐ የት ይገኛሉ? ስብሰባ ላይ ነዋ! አሁን ሊበተን ሲል ነው፤ ሕዝቡ ያቺን እጅ በሥጋት እየጠበቀ ነው። ዛሬ ግን ይቀደማሉ። እኔ በዕድሜዬ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ምሳቸው የሚያልፍባቸው ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። በሉ ልሩጥ። አንዲት አጭር ነጥብ ብቻ ናት።