ሲያርፍ ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር

የምንወደውን ሰው የምንጎዳበት መንገድ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚያስመርቀው ግን «አሁንስ ይረፉ» ማለት ይመስለኛል። ጎረቤት «ተባረኩ፣ አባታቸውን አሳረፉ» ይላል፣ ዘመድ በስልክ ይመርቃል፣ እናንተም የልጅነት ግዴታችሁን የተወጣችሁ ይመስላችኋል። ያረፈውን ሰው ግን እንዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔና ወንድሜ አባታችንን ያሳረፍናቸው አምና ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ፣ ሲከራከሩ፣ አንዱን ደንበኛ ሲመርቁ ሌላውን ሲቆጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቁን የስልክ ሽፋን ለሚሸጥ ነጋዴ አከራየነውና እሳቸውን ዓለም ባንክ ሰፈር እኔ ቤት አመጣናቸው። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ሰዓቱን የጠበቀ ምሳ። ምን ጎደለባቸው? ግን ዝም አሉ። አንድ ነገር ሊናገሩ ይጀምሩና መሀል ላይ ትተውት በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ሐኪሙ መርምሮ ጤነኛ ናቸው አለን። እኔ ግን ዓይኔ እያየ ሊያልቁብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሬም ዝም ማለት ጀምሮ ነበር፤ የዚህኛው እንኳ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከርነል የሚባል ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው። ሰው ሁሉ የተሰጠውን ይጠቀማል። እኔ የመሥሪያ ቤታችንን አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚያፈጥን ቀለል ያለ ከርነል ካልገነባሁ ብዬ፣ «ይሄ ለምኔ፣ ያ ለምኔ» እያልኩ የማላውቀውን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ። መጀመሪያ በረረ። ከዚያ ግን ቤት ትቼው ውዬ ስመለስ ስታክ አድርጎ አገኘው ጀመር፤ ስክሪኑ ጨልሟል፣ የትኛውንም ቁልፍ ብነካ አይሰማም፣ አጥፍቶ ከማስነሳት በቀር መላ የለውም። ሙቀት ነው አልኩ፣ መብራት ነው አልኩ፣ ራሙ ነው አልኩ። ሁሉንም ሞከርኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ግራ ሲገባኝ አባቴን ለመንኳቸው፤ አጠገቡ ተቀምጠው መቼ ስታክ እንደሚያደርግ እንዲያዩልኝ። ደስ አላቸው። ጠዋት ከኔ ቀድመው ወንበራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ስመለስ ሪፖርት አለ። ደህና ዋለ። በማግስቱም ደህና ዋለ። እየቆዩ ሪፖርቱ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ እኔ አለባበስም ሆነ። እኔም ማሽኑ በራሱ ጊዜ ዳነ ብዬ ለአለቃዬ ላሳይ ቢሮ ይዤው ሄድኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አለቃዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ስለ ፈጠራ ረጅም ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሲያልቅ ኮምፒውተሩም አብሮ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ቤት ገብቼ ለአባቴ በንዴት ነገርኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ።

«እኔ ጋ እኮ አላስተኛውም» አሉ። «ብቻውን ሲቆይ ፊቱ ደብዘዝ ይላል። እንደዛ ሲሆን ማውሱን ነካ አደርግለታለሁ። ማንም ካልነካው ይደርቃል፣ ልጄ።»

ለካ ሰላይ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው ሰው አስታማሚ ሆነው ኖሯል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ካልተነካ ኃይል ለመቆጠብ ያሸልባል፤ እኔ ደግሞ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ክፍል አያስፈልግም ብዬ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። መልሼ አስገባሁት፤ ዳነ። እኔ ስፈነድቅ አባቴ ወንበራቸውን አነሱ።

«እንግዲህ እኔን አይፈልግም» አሉና ወደ ሶፋው ተመለሱ።

ይቺን አልቻልኳትም። በማግስቱ ታክሲ ይዘን 18 ማዞሪያ ወረድን፤ ተከራዩን ለምኜ ሱቁ በር ላይ አንድ ወንበር አስቀመጥኩላቸው። አሁን ጎረቤት «ሽማግሌ አባቱን ፀሐይ ላይ ጣላቸው» እያለ ያማኛል። ይማኝ።

ሰሞኑን ተከራዩ ደወለልኝ። ምርር ብሎታል። አባቴ ደንበኛውን ሁሉ ያዋራሉ፣ ሳያማክሩት ዋጋ ይቀንሳሉ፣ የሽፋኑን ቀለም ሳይቀር ይመርጣሉ።

«ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም አይሉም እኮ» አለኝ።

«ዝም ያሉ ቀን ደውልልኝ» አልኩት።