የኩሬው ጎሚስታ

የግቢያችን ዓሦች በየንጋቱ ከኩሬው ውሃ ብቅ እያሉ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። የሦስተኛ ፎቋ እማማ ይህን አይተው «ርቧቸው ነው» ብለው ፈረዱ፤ ጠዋት ጠዋትም ዳቦ ይዘው መውረድ ጀመሩ። ዳቦው በበዛ ቁጥር ዓሣው አነሰ።

መፍትሔ ሊፈልግ የተነሣው ክቡር ጎሚስታው ነው። ዓለምን ሁሉ በገዛ ሙያው የሚተረጉም ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ የእኛው ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲነፋ የኖረ ነው። ራስ ምታት ቢሉት «ግፊት በዝቶ ነው»፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ «መጀመሪያ አስተንፍሷቸው» ይላል። ኩሬውን ጎንበስ ብሎ አየና «ምን ርሃብ አለ! ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አለ።

ለአንድ ጊዜ እንኳ ልክ ነበር። ደስታው ግን ልክ አጣ። ኮምፕረሰሩን ጎትቶ አመጣና ቱቦውን እስከ ኩሬው ወለል ሰደደው። የስንት ዓመት ብስባሽ ተገልብጦ ተነሣ። በማግስቱ አራት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተገኙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ጎማ መሰለህ እንዴ?» አለው ዘበኛው።

ጎሚስታው ሁለት ሳምንት ኩሬው ዳር ተቀምጦ ሲመለከት፣ ሲጠይቅ፣ ሲያነብ ከረመ። ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ያስረዳ ጀመር፦ «የውሃው ሣር ቀን በፀሐይ አየር ይሠራል፤ ማታ ግን እንደማንኛችንም ይተነፍሳል። ሲነጋ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ታች የወደቀውን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትስ? እነሱም ይተነፍሳሉ! ብስባሽ ሲበዛ ሽሚያው ይብሳል።»

ብስባሹን ያበዛው ደግሞ ዳቦው ነበር።

ይህን ለእማማ ለመንገር ሦስት ቀን አማጠ። በአራተኛው ነገራቸው። እማማ ዳቦውን እንደያዙ ተመለሱ፤ ዳግመኛም አልወረዱም። ዓሦቹ አገገሙ፤ ጎሚስታው ግን እህል አልበላ አለው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እማማን ከቤት የሚያስወጣቸው ያ ኩሬ ብቻ ነበራ።

ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

«እማማ፣ ይውረዱ እንጂ። ዓሦቹ እኮ ድነዋል!»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድባቸው፣ ልጄ?»

ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ደረጃውን ወርዶ ዕቃዎቹን መበርበር ያዘ።

አሁን ከብስክሌት ፓምፕ ጋር ቀጭን ቱቦ እያገናኘ ነው። የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ደለሉን አይነካም። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ተቀምጠው በአንድ እጅ እንዲገፉት መያዣውን ሦስት ጊዜ ቀያየረው። አሁንም ይከብዳል። እኔም ሥራዬን ትቼ ቱቦ እይዝለታለሁ። በራቸው ላይ ቆሞ የሚላቸውን ግን ከወዲሁ እየተለማመደ ነው፦ «እማማ፣ አየር ይዘውላቸው ይውረዱ።»